የትዳር አጋርዎ ዕዳ ውስጥ ሲገቡ፦ ከገንዘብ በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች

ባልዎ ወይም ሚስትዎ ዕዳ እንዳለባቸው በነገሩዎት ቀን መጀመሪያ የሚመጣልዎት ሐሳብ «ስንት ነው? ከቁጠባው አውጥቼ ልዝጋው» የሚል ይሆናል። አይዝጉት። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከእጅዎ አንድ ብር አይውጣ።

መጀመሪያ የሚነገረው ዕዳ ሙሉው ዕዳ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ባለዕዳ የሚጀምረው አፉ ላይ ከሚቀለው ነው፦ ከባንኩ፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከሱቁ ዱቤ። አራጣው፣ የእርስዎ ወንድም በምስጢር ያበደረው፣ ለጓደኛ የተፈረመው ዋስትና ወደ ኋላ ይቀራሉ። ቁጠባዎን ለመጀመሪያው አበዳሪ ካሟጠጡ፣ በጣም አስቸጋሪው ሲመጣ የሚደራደሩበት ገንዘብ አይኖርዎትም። ሁለት ሳምንት የማይጠብቁ ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፦ በዚህ ሳምንት ባንክ ሊቀርብ የሚችል ቼክ፣ እና በመያዣ ላይ የተላከ የባንክ ማስጠንቀቂያ።

ንግግሩን እንዴት እንጀምር?

የደመወዝ ቀን አይምረጡ፤ አበዳሪ ደውሎ የተዋረዱበትን ምሽትም አይምረጡ። ልጆች የሌሉበት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የማይቋረጥ ጊዜ ያስፈልጋል። ሽማግሌ በዚህ ደረጃ አይጠራም። ሰው ፊት የተቀመጠ ባለዕዳ ቁጥር ያሳንሳል፤ አንዴ ያሳነሰውን ቁጥር ደግሞ በኋላ ለማረም ያፍራል።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» ወይም «እንዴት ትደብቂኛለሽ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ለሌላ ቀን ይቆይ። ዛሬ የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ለማን? ስንት ተቀበልክ? ስንት ቀረ? ምን ፈረምክ? ማን ዋስ ሆነልህ? አንተስ ለማን ዋስ ሆነሃል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይዘለል። ብዙ ሰው ዋስትናን ዕዳ ብሎ አይቆጥረውም፤ ዋናው ተበዳሪ የጠፋ ቀን ግን ተጠያቂው ዋሱ ነው።

ሁለተኛ ንግግር ከሳምንት በኋላ ይያዙ። ቀኑን አስቀድመው ይንገሩ፦ «እስከ እሑድ ያስታወስከውን ጨምርበት፤ ስላልነገርከኝ አልቆጣም።» የተደበቀው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በዚህ ሁለተኛ ቀን ነው። ቃልዎን ከበሉና ከተቆጡ ግን ሦስተኛ ዕድል አይኖርም።

ስልካቸውን ነጥቀው አይፈትሹ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ራሳቸው ይክፈቱት። የሚታዩት የስድስት ወር የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የቴሌብር የብድር ገጽ (መላ እና እንደኪሴ)፣ ሌሎች የባንክ መተግበሪያዎች፣ የመጨረሻ ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት እና የዕቁብ ደብተር ናቸው። በሒሳብ መግለጫው ላይ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ለአንድ ሰው የሚላክ እኩል ገንዘብ ካዩ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ወለድ ነው።

ሰንጠረዡ

አንድ ትልቅ ወረቀት ወይም የሒሳብ ደብተር በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ዕዳ አንድ መስመር ይስጡና እነዚህን ይጻፉ፦ የአበዳሪው ስም፣ በእጅ የገባው ገንዘብ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ የቀረው ዋና ገንዘብ፣ ወለድና ቅጣት፣ ቀጣዩ የክፍያ ቀን፣ የተፈረመው ሰነድ፣ ዋሱ።

«በእጅ የገባው» እና «በውሉ ላይ የተጻፈው» ለየብቻ ይጻፉ። በአራጣ ብድር ሁለቱ አይገናኙም፦ ተበዳሪው 40,000 ብር ተቀብሎ ወለዱ አስቀድሞ ተደምሮበት 64,000 ብር ተበደርኩ ብሎ ሊፈርም ይችላል።

የተፈረመው ሰነድ ዓይነት የዕዳውን ጠባይ ይለውጣል። ቀን ያልተጻፈበት የተፈረመ ቼክ፣ የመኪና ወይም የቤት ውክልና፣ ብድር ሆኖ ሳለ «የሽያጭ ውል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ካለ በቀይ ያስምሩበት። እነዚህ ከገንዘቡ መጠን በላይ ያስከፍላሉ፤ በ30,000 ብር ምክንያት መኪና ሊያስወስዱ ይችላሉ።

ዕቁብ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ዕጣው አስቀድሞ ከወጣ የቀረው መዋጮ ሁሉ ዕዳ ነው፤ ወለድ ባይኖረውም ዋስ አለው፤ ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። ዕጣው ካልወጣ ግን ዕቁቡ ሀብት ነው፤ በሰንጠረዡ በሌላው ወገን ይጻፍ።

እርስዎን የሚነካው የቱ ነው?

ፊርማዎን ከማስቀመጥዎ በፊት ሕጉ የሚለውን ይወቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ የሚኖር ሰው በክልሉ የሚሠራውን ሕግ ይመልከት።

በአንቀጽ 70 መሠረት የአንደኛው ተጋቢ የግል ዕዳ መጀመሪያ የሚከፈለው ከራሱ የግል ንብረት ነው፤ ያ ከሌለ ከጋራ ንብረት ይወሰዳል። ለትዳሩ ጥቅም የተበደሩት ከሆነ ግን ዕዳው የሁለታችሁም ነው፤ አበዳሪው ከጋራ ንብረትም ከእያንዳንዳችሁ የግል ንብረትም ሊጠይቅ ይችላል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤተሰብ ቀለብ በዚህ ይገባሉ። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ «ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?» የሚል ዓምድ ይጨምሩ፤ ደረሰኝ ካለም አያይዙ።

አንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር እና ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ያዛል። 500 ብር ዛሬ የሁለት ቀን አስቤዛ አይሸፍንም፤ ሕጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያው ነው። ያለ እርስዎ ስምምነት የተገባ ግዴታ ካለ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው አጭር ነው፦ ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት። ስለዚህ ዕዳውን ያወቁበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። የሕግ ምክር ለመክፈል አቅም ካጠረ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ ድጋፍ ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

እስከዚያው አበዳሪ ቤት መጥቶ «አንቺም ፈርሚልኝ፣ ጊዜ ልስጥ» ቢል አይፈርሙ። ያ ፊርማ የባለቤትዎን ዕዳ የእርስዎም ያደርገዋል። ጊዜ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አለ።

ቁጥሩን እንሥራ

ለምሳሌ የሁለቱ ተጋቢዎች በእጅ የሚገባ ደመወዝ 19,000 እና 13,500 ብር፣ በድምሩ 32,500 ብር ነው እንበል። የወር ወጪው ኪራይ 10,000፣ አስቤዛ 10,500፣ ትምህርት ቤት 3,000፣ ትራንስፖርት 2,500፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 1,200፣ ዕድርና ማኅበር 300፤ ድምሩ 27,500 ብር። የሚተርፈው 5,000 ብር ነው።

ዕዳው እንዲህ ነው፦ አራጣ 40,000 ብር በወር 10 በመቶ፤ የወጣ ዕቁብ በወር 2,000 ብር፣ 9 ወር የቀረው፤ የሞባይል ብድር 5,500፤ የሱቅ ዱቤ 3,800፤ የዘመድ 25,000 ብር። የአራጣው ወለድ ብቻ በወር 4,000 ብር ነው። ከዕቁቡ ጋር 6,000 ይሆናል፤ የሚተርፈው ግን 5,000 ነው። ይህ ቤት ቆጥቦ አይወጣም። ቡና ቢቀንስ፣ በታክሲ ፋንታ በእግር ቢሄድም፣ የቆጠበውን ወለዱ ይበላዋል። ወጪ ከመቀነስ በፊት አራጣውን ማቆም የግድ ነው።

በዓመት የአራጣው ወለድ 48,000 ብር ይሆናል፤ 40,000ው ግን ሳይነካ ይቀመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር የሚፈቅደው ወለድ ቢበዛ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ በ40,000 ላይ 4,800 ብር ማለት ነው። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው።

ባለቤትዎ የመሥሪያ ቤታቸው የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆኑ መውጫው እዚያ ሊሆን ይችላል። 40,000 ብር በዓመት 13 በመቶ፣ በ24 ወር የሚከፈል ቢሆን በወር 1,900 ብር ገደማ ይመጣል። አራጣው በአንድ ቀን ይዘጋል። ከዚያ 5,000 ሲቀነስ 1,900 ሲቀነስ የዕቁቡ 2,000፣ የሚቀረው 1,100 ብር ነው። 300ውን ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ያስቀምጡ፤ 800ውን መጀመሪያ ለሞባይል ብድሩ፣ ቀጥሎ ለሱቁ ይክፈሉ። በዘጠነኛው ወር ዕቁቡ ያልቃል፤ በአሥረኛው ወር የሱቁ ቀሪ ይዘጋል፤ ከዚያ በወር 2,800 ብር ለዘመድ እየተከፈለ በ19ኛው ወር ይጠናቀቃል። የሞባይል ብድሩ ቅጣት ይህን ትንሽ ሊያራዝመው ስለሚችል፣ የሚሸጥ ዕቃ ከተገኘ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይግባ።

300 ብሯን አይናቋት። ምንም መጠባበቂያ የሌለው ዕቅድ ልጅ ባመመው የመጀመሪያ ሳምንት ይፈርሳል፤ የመድኃኒቱ ገንዘብ እንደገና ከአራጣ ይመጣል።

የትኛው ይቅደም?

ጩኸት የሚበዛበት አበዳሪ ሁልጊዜ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ብዙ ቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ለሚደውለው ይከፍላሉ፣ ዝም ያለው ባንክ ቤታቸውን በሐራጅ ያወጣዋል።

ከሁሉም በፊት ቼክ። ስንቅ የሌለው ቼክ (ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የሌለው) ማውጣት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በእስራት ያስቀጣል። ቼክ የያዘ አበዳሪ ካለ ሌላው ሁሉ ይጠብቅ። ቀጥሎ በመያዣ የተያዘ ቤት ወይም መኪና፤ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ክስ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ፣ በማግስቱ ቅርንጫፉ ድረስ ይሂዱ።

ሦስተኛው ወለዱ ከሁሉም የከፋው፣ አራተኛው ዋስ ያለበት ዕቁብ። የሱቅ ዱቤ ትንሽ ቢሆንም ከሱቁ ጋር ያለው ግንኙነት ለወር መጨረሻ ስለሚያስፈልግ በትንሽ በትንሹ ይከፈል፤ ግን አዲስ ዱቤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቁም። ወለድ የማይጠይቅ ዘመድ መጨረሻ ላይ ቢሆን ያስከፋል እንጂ አያከስርም። ቀኑን አስቀድመው ከነገሩት ብዙም አያስከፋም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ከዚያ በላይ ከተቆረጠ የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከአበዳሪዎች ጋር

ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ከሆነ ክፍያው ሳያልፍ ይሂዱ። ሦስት ወር ከዘለለ በኋላ የሚመጣና ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት የሚመጣ ተበዳሪ እኩል አይስተናገዱም። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፦ የብድሩ ቁጥር፣ የቀረው፣ ገቢያችሁ ምን ያህል እንደቀነሰና ለምን፣ በወር ልትከፍሉ የምትችሉት መጠን፣ የምትጠይቁት የጊዜ ማራዘሚያ። ግልባጩ ላይ ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያስመቱ። የማትችሉትን መጠን አትጻፉ፤ የተራዘመ ብድር ሁለተኛ ጊዜ ሲፈርስ ሦስተኛ ዕድል ጠባብ ነው። ያልተከፈለ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ውስጥ ስለሚገባ ሌላ ባንክ ሄዶ መሸሽም አይቻልም።

የአራጣ አበዳሪ ጋር ባለቤትዎን ብቻቸውን አይላኩ፤ እርስዎም ብቻዎን አይሂዱ። አንድ የተከበረ ሦስተኛ ሰው ይኑር፤ ቦታው የባንክ ቅርንጫፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «ዋናውን 40,000 ብር ዛሬ በአንድ ጊዜ እናስገባለን፤ የዚህን ወር ወለድ ይተዉልን፤ ቼኩንና ውሉን አሁን እንቀበላለን።» በጥሬው የሚሰጥ ገንዘብ፣ በኋላ የሚመለስ ቼክ፣ «ደረሰኝ ነገ» የሚባል ነገር አይቀበሉ። እስካሁን የተከፈለው ወለድ በሒሳብ መግለጫ የሚታይ ከሆነ ይዘውት ይሂዱ፤ አራጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ ስለሆነ ያ ወረቀት ብቻውን ያደራድራል። ጠረጴዛ ላይ እንዲታይ ማድረግ ይበቃል፤ ዛቻ አያስፈልግም።

የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ዘንድ ደግሞ ከዕጣው ቀን በፊት ይሂዱ። መዋጮውን ለሁለት ከፍሎ መጣል ወይም አንድ ዙር ማሸጋገር ብዙ ዕቁቦች ይፈቅዳሉ፤ ሳይናገሩ መቅረትን ግን የሚታገስ የለም። ዕጣ ያልወጣበት ዕቁብ ካለ ችግሩን ነግሮ ቅድሚያ መለመንም ያለ ነገር ነው።

ማንኛውም ክፍያ በባንክ ይሁን፤ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ «የብድር ክፍያ፣ 3ኛ ወር» ብለው ይጻፉ። በውጭ አገር የምትኖሩና ለትዳር አጋራችሁ ዕዳ የምትልኩ ከሆነም ገንዘቡ ለአበዳሪው ሒሳብ በቀጥታ ይግባ። በሪያድ ወይም በዋሽንግተን ተሠርቶ የተላከ ብር አዲስ አበባ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሲደፍን የሚውለው ባለዕዳው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያን ቀን የሚጮኸው ሌላ አበዳሪ ስለሆነ ነው።

ገንዘቡን ማን ይያዝ?

የባለቤትዎን ካርድ ሙሉ በሙሉ ተቀብለው በየቀኑ 50 ብር የሚሰጡ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ የተደበቀ አዲስ ብድር ይወለዳል። የተሻለው፣ ደመወዝ በገባበት ቀን ኪራይ፣ ትምህርት ቤትና የዕዳ ክፍያ ወዲያው እንዲወጣ ማድረግ፣ ከዚያ ለእያንዳንዳችሁ የማይጠየቁበት የኪስ ገንዘብ መመደብ ነው፤ በምሳሌው ቤት ለምሳሌ ከአስቤዛው ተቀንሶ ለየራስ 500 ብር። የሞባይል ብድር ያለበት የስልክ ቁጥር ላይ የአስቤዛ ገንዘብ አይላክ፤ ሒሳቡ ላይ ገንዘብ ሲገባ ብድሩ በራሱ ሊቆርጠው ይችላል።

እሑድ እሑድ ሃያ ደቂቃ ሰንጠረዡን አብራችሁ አስተካክሉ። ቁጥሩን የሚጽፈው ባለዕዳው ይሁን። አበዳሪ ሲደውል የሚያነሳውም ባለዕዳው ነው፤ እርስዎ አጠገብ ይቀመጡ።

ውርርድ፣ መጠጥ ወይም ጫት ያመጣው ዕዳ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ውርርዱ ሳይቆም የተከፈለ ዕዳ ለሚቀጥለው ውርርድ ቦታ ያጸዳል። መጀመሪያ የውርርድ አካውንቱ ይዘጋ፣ ደመወዙ ለጊዜው በሁለታችሁ ፊርማ ብቻ ወደሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይግባ፣ ሕክምናም ይጀመር። «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከሰሙ ግን ሰንጠረዡን ዘግተው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። አበዳሪ ይጠብቃል።

የመጨረሻው ክፍያ ቀን

ዕዳ ገንዘቡ ሲከፈል ብቻ አይዘጋም። ከባንክ ወይም ከማኅበሩ «ዕዳ የለበትም» የሚል ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ቤት ወይም መኪና ተይዞ ከነበረ ዕግዱ እንዲነሳ ደብዳቤውን ራሳችሁ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት አድርሱ። ቼኩ ዋናው ይመለስ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ተሰጥቶ የነበረ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት በይፋ ይሻር፤ ወረቀቱን መቅደድ ውክልናውን አያስቀረውም። ውሉ ላይ አበዳሪው «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ዋስ የነበረውን ሰው ደውላችሁ ነፃ መውጣቱን ንገሩት፣ የደብዳቤውንም ቅጂ ስጡት። ወረቀቶቹን ደግሞ አሥር ዓመት አትጣሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል የሚነሳ ጥያቄ በመደበኛው በይርጋ የሚታገደው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።